ባለሟሉና ባለ አንድ ዓይኑ

የሺዋስ በሥዕል አይቀልድም። ሆቴሉ ውስጥ የሚሠራው ሌላው ሰው ሁሉ በዚያ መስኮት በሌለው ላውንጅ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የጥንት እንግሊዞች ቀና ብሎ አያያቸውም። ዳንቴል አንገታቸው ላይ የከመሩ፣ ዕንቁ ያንጠለጠሉ፣ ረጅም ካልሲ እስከ ጭናቸው የሳቡ ወንዶች ናቸው። ጠጪው አንዴ ይስቅባቸውና ወደ ብርጭቆው ይመለሳል። የሺዋስ ግን በሆቴሉ አናጺ ክፍል በኖረበት ሃያ አራት ዓመት ሳያያቸው ያለፈበት ቀን የለም። ማዕዘናቸው ሲላቀቅ የሚያጣብቀው እሱ፣ ሰካራም ጠርሙስ ሲወረውርባቸው መስታወታቸውን የሚቀይረው እሱ።

የሚያያቸውም አጎቱ በሰጠው ዓይን ነው። አጎቱ ጎንደር ዙሪያ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፤ የሺዋስ ልጅ ሳለ ሦስት ዓመት ቀለም በጥብጦለታል። ከትምህርት ያገኘው ያንኑ ነው፤ ፊደል፣ ዳዊት እስከ እኩሌታው፣ ቀለም መበጥበጥ። እና አንድ ሕግ። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ኃጥእ በጎን ይሣላል፤ ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች፣ ሁሉም አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። «ባለ አንድ ዓይን ካየህ ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልግህም» ይል ነበር አጎቱ። የሺዋስም አላነበበም። ከሥዕሎቹ ሥር ያለው ጽሑፍ እንኳን ለእሱ ለፈረንጁም የሚነበብ አይደለም፤ ፊደሉ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ነው።

ከሁሉም የሚይዙት ሁለቱ ነበሩ። የውሸት እሳት ከሚነድበት ምድጃ በላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው ባለ ቀለም ነው፤ ቀጭን ጢም ያለው መልከ መልካም ወጣት፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በሁለት ዓይኖቹ ትክ ብሎ ያያል። ሌላው ትንሽ የጥቁርና ነጭ ኅትመት ነው፤ ጉንጩ የጎደጎደ ሰውዬ በጎን ቆሞ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በአንድ ዓይኑ ወደ ወጣቱ አቅጣጫ ያፈጣል። የሺዋስ በተማረው ሕግ ፈረደ። ወጣቱ የተበደለ ነው። ባለ አንድ ዓይኑ ደግሞ ባርኔጣ አውልቆ ደጅ የሚጠና፣ በሰው ቦታ የሚሾም አሽቃባጭ ነው፤ የንጉሥ ባለሟል። ባለሟል ደግሞ የሺዋስ ያውቃል። አለቃው ነው።

አለቃው ወልደሥላሴ ይባላል። ስሙ ግን ወልደሥላሴ አይደለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ስደተኛ መጠለያ ውስጥ፣ ሦስት ጓደኛሞች በአንድ ድንኳን ያድሩ ነበር፤ የሺዋስ፣ ሐዲስ የሚባል ልጅ፣ ወልደሥላሴ የሚባል ልጅ። የአሜሪካውን ቃለ መጠይቅ ከሦስቱ ወልደሥላሴ ብቻ አለፈ። ለጉዞ ስም ሊጠራ ሦስት ቀን ሲቀረው ወባ ጣለው። ሲነጋጋ የሺዋስን ወደ አፉ ሳበውና በጆሮው የክርስትና ስሙን ነገረው። «ቄስ ስታገኝ ፍትሐት አስደርግልኝ» አለው። የሺዋስ እሺ አለ። ቀትር ላይ ሐዲስና እሱ ቀበሩት። አካፋ አልነበራቸውም፤ የቆፈሩት በምግብ ሳህን ነው፣ በቆርቆሮ ሳህን።

በሦስተኛው ቀን ፈረንጇ ከዝርዝሯ «ወልደሥላሴ» ብላ ስትጠራ ሐዲስ «አቤት» አለ። ፈረንጇ ፎቶውን አየች፣ ሐዲስን አየች፣ አጠገቡ የቆመውን የሺዋስን አየች። «እሱ ነው?» አለችው በአስተርጓሚ። የሺዋስ አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጓደኛ ነው፤ ሌላ ምን ያድርግ? የሞተው እንደሆነ አይሄድበት።

ሐዲስ ወልደሥላሴ ሆኖ በረረ። የሺዋስ ሁለት ዓመት ተኩል አቧራ ሲቅም ቆይቶ በራሱ ስም መጣ። ከከተማ ከተማ ተንከራትቶ ላስ ቬጋስ ሲደርስ ያ ሰው የአናጺ ክፍሉ ሊድ፣ ማለት አለቃ፣ ሆኖ ጠበቀው፤ ማኔጀሯ «ዎልዲ» እያለች፣ እሱን ሳታማክር አንዲት ሚስማር የማታስመታ። ሥራ ያስገባው እሱ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ከሥሩ አስገባው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ትንንሽ ነገር ነው። ትንንሽ ነገር ደግሞ አይለቅም። የረዳት ሊድ ቦታ ሲከፈት ለሌላ ሰው ሰጠ። ልጁን ሚሚን ሲድር፣ ግሪን ቫሊ አዳራሽ ውስጥ፣ የሺዋስን ከኩሽናው በር አጠገብ ከመኪና አቋሚዎቹ ጋር አስቀመጠው። አስተናጋጅ በሩን በከፈተ ቁጥር የወንበሩን ጀርባ ይገጨዋል። ሠርጉ አሥራ አንድ ዓመት አለፈው፤ የሺዋስ ጀርባው ላይ በሩ አሁንም ይከፈታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወልደሥላሴ ጡረታ ልወጣ ነው ብሎ በቦታው ያጨው ማንን ነው? ዳጊን። በዲቪ ከመጣ ስድስት ዓመት ያልሞላውን ዳጊን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዳጊ ሊታጭ ነው የሚለው ወሬ ከወር በፊት ነበር የደረሰው። በዚያው ቀን የሺዋስ አምፖል ሊቀይር ላውንጁ ገባ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ አዲሱን አምፖል ሲያጠብቅ ብርሃኑ ባለ ቀለሙ ወጣት ፊት ላይ ወደቀ፤ የሺዋስ እጁ አምፖሉ ላይ እንዳለ ቀረ። አንደኛው ቅንድብ ከሌላው ከፍ ብሏል። ያ ቀጭን ጢም። ያ በወባ የገረጣ ግንባር። ሃያ አራት ዓመት ያየው ሥዕል ነው፤ እንዴት እስከ ዛሬ አላየውም? ገዳሪፍ የቀበሩት ልጅ ነበር።

ሥዕሉ አልተናገረም። ሥዕል አይናገርም። ግን ከዚያን ቀን በኋላ የሺዋስ ጀርባውን በሰጠው ቁጥር ማጅራቱ ላይ አንድ ጥያቄ ይቀመጥበት ጀመር፤ «ስሜንስ?» ከበሩ ወዲያ ካዚኖው ሌት ተቀን ይንጫጫል፤ ያ ሁሉ የማሽን ድምፅ ላውንጁ ውስጥ ሲደርስ ወደ አንድ ድምፅ ይለወጥበታል፤ ቆርቆሮ ደረቅ መሬት ሲጭር። እጁን ታጥቦ ሲያበቃ ጥፍሩ ሥር አፈር ያለ እየመሰለው ደግሞ ይታጠባል።

ምን እንደሚፈልግ ገባኝ አለ የሺዋስ። ስሜን ቀሙኝ ነው የሚለው። ስሜን አስመልስልኝ ነው።

ስለዚህ ጻፈ። ለኢሚግሬሽን ነው የጻፈው፤ በስልኩ እያስተረጎመ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። «ለእውነትና ለሕግ ስል» ብሎ ጀመረ። ወልደሥላሴ የተባለው ሰው ወልደሥላሴ አይደለም፣ እውነተኛው በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ተቀብሯል፣ ምስክሩ እኔ ነኝ። ከሥሩ ፈረመ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ወረቀት ዝም ተብሎ እንደማይጣል ቴሌቪዥኑ በየቀኑ ይነግረዋል። ያቺ አንዲት ገጽ ከደረሰች ሰውየው ዜግነቱም፣ ቤቱም፣ ጡረታውም ውኃ በላው፤ በስልሳ ስድስት ዓመቱ፣ አርባ ዓመት ወዳልኖረበት አገር ይጫናል።

የተከራየው ክፍል ሴንቴኒያል ሂልስ ሰፈር ነው፤ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አመለወርቅ ላጽዳ ብላ ገብታ የማታገላብጠው ነገር የለም። ስለዚህ ወረቀቱን በአራት አጥፎ የሥራ ኮፍያው ገበር ውስጥ ከተተና በጥቁር ክር ሰፋው። ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ቀኑንም ቆረጠ። ላውንጁ ሊፈርስ ነው፤ ሥዕሎቹ የሚወርዱት ዓርብ ነው። ዓርብ ሺፍቱ ሲያልቅ ክሩን ይበጥሳል፣ ወረቀቱን ፖስታው ውስጥ ይከታል፣ ይልካል።

ዓርብ ጠዋት ምድር ቤት ያለው አናጺ ክፍል ሲገባ ወልደሥላሴ ዝርዝሩን ይዞ ቆሟል። ጉልበቱን ስለሚያመው በአንድ እግሩ ነው የሚቆመው።

«የሺ፣ አንተና ያቺ የኢንቬንተሪዋ ልጅ ላውንጁን ትጨርሳላችሁ። ዳጊ ባርኮኒውን ይፈታል።»

«ሊዳችን ባርኮኒ ይፈታል እንዴ?» አለ የሺዋስ።

«ከሰኞ ጀምሮ ነው ሊድ የሚሆነው።»

«እግዜር ያበርታው። መዶሻው በየት በኩል እንደሚያዝ አሳየኸው?»

ዳጊ ጓንቱን እያጠለቀ ሳቀ። «በሁለቱም በኩል ይሠራል ጋሽ የሺዋስ። እርስዎ ሲመቱበት አይቼ ነው።»

ወልደሥላሴ አልሳቀም። «ሥዕሎቹ ኮፒ ስለሆኑ የፈለገ ሠራተኛ አንድ አንድ መውሰድ ይችላል ተብሏል። ምረጥ።»

«አንተስ?»

«እኔ መርጫለሁ» አለና ወደ ዝርዝሩ አቀረቀረ።

መቼም አንተ ሳትመርጥ ለሌላ ሰው ተርፎ አያውቅም፣ አለ የሺዋስ በሆዱ።

ላውንጁ ውስጥ ቀንና ሌሊት አይለይም። ደጅ ፀሐዩ አስፋልቱን ሲያቀልጥ እዚያ ውስጥ ሁሌም ምሽት ነው። ኢማን ቁጥር የተጻፈበት ማጣበቂያ እየላጠች ትጠብቀዋለች። የሆቴሉ ዕቃ መዝጋቢ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ከደሴ ሲያመጧት አራት ዓመቷ ነበር፤ አማርኛዋ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር፣ እናቷ ሳሎን ውስጥ ነው ያደገው።

ሥዕሎቹ እንዳይሰረቁ ከግድግዳው ጋር በልዩ ብሎን የታሰሩ ናቸው፤ መፍቻው የሺዋስ ኪስ ውስጥ ነው። እሱ ይፈታል፣ እሷ ከጀርባቸው የተለጠፈውን መግለጫ አንብባ ትመዘግባለች። አሥራ ሁለቱን አወረዱ። ሁለቱን ለመጨረሻ ተዋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ሸቷል።»

«የአራት መቶ ዓመት ሰው ቢሸት ምን ይገርማል።»

«ኮፒ ነው እኮ። የአራት መቶ ዓመት ሽታ አይደለም፣ የሲጋራ ነው።»

ባለ ቀለሙን ወጣት አውርዶ ሲያቀብላት ዓይኑን ከዓይኑ ላለማጋጨት ፊቱን አዞረ። ኢማን ገልብጣ ጀርባውን አነበበች።

«ስለዚህ ልጅ ምን ይላል?» አላት፣ ድምፁን እንደ ዘበት አድርጎ። «ስለ ተበደለው።»

«የቱ? ይሄ? ኧረ ይሄ አልተበደለም።» ጣቷን ጽሑፉ ላይ አስኬደች። «ዱክ ነው። የበኪንግሃም ዱክ፣ ትልቅ ሹም። የሁለት ንጉሥ ፌቨሪት ነበር፤ የአባትየውም፣ የልጅየውም።»

«ፌቨሪት?»

«ማለት፣ ንጉሡ ከሰው ሁሉ እሱን ይወደዋል። እሱ እሺ ካላለ ማንም ሰው ሥራ አያገኝም።»

«ባለሟል።»

«ባለሟል ምንድን ነው?»

«ንጉሥ ጆሮ ላይ የሚቀመጥ።»

«እንደ ኤርፖድ» አለች ኢማን፣ እየጻፈች።

የሺዋስ አልሳቀም። «ተሳስተሻል ልጄ። ባለሟሉ ያኛው ነው። ባለ አንድ ዓይኑ።»

«እሱማ የገደለው ሰውዬ ነው። ቆይ።» ስልኳን አወጣች፣ ነካካች። «ፌልተን። ሌፍተናንት ነበር። ካፕቴን ልሁን አለ፣ ሌላ ሰው ሾሙ። ደግሞ ጠየቀ፣ ደግሞ ሌላ ሰው። በቃ፣ ዱኩ ላይ ቂም ያዘ። ቢላ ገዛ፣ ዱኩ ያለበት የወደብ ከተማ ድረስ ሄደ፣ ጠዋት ቁርስ በልቶ ሲወጣ ወጋው።»

የሺዋስ መሰላሉ ላይ ነበር። ባለ አንድ ዓይኑ ከፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ያ የጎደጎደ ጉንጭ፣ ያ አጥንቱ የወጣ መንጋጋ። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ የሚያየው ጉንጭ ነበር።

«ሁለት ጊዜ አልሽ?» አለ።

«ሁለት ጊዜ።»

«ባርኔጣውን ለምን ያዘ?»

«ኦ፣ እሱ ነው ክሪፒው፣ የሚያስፈራው። ወረቀት ሰፍቶበታል ጋሼ። ዱኩን ስገድል እዚያው ይገድሉኛል ብሎ አሰበ፤ ስለዚህ ለምን እንዳደረገ ጽፎ ባርኔጣው ውስጥ ሰፋው።»

ኮፍያው ግንባሩ ላይ እንደ ብረት ከበደው፤ የወረቀቱ እጥፋት አራቱም ማዕዘን ቆዳው ላይ ይታወቀዋል። በመስታወቱ ላይ የራሱ ጥላ ባለ አንድ ዓይኑ ላይ ተነጥፏል፤ ኮፍያው ከባርኔጣው፣ ጉንጩ ከጉንጩ።

«ምን ብሎ ነበር የጻፈው?»

«ለእግዚአብሔር፣ ለንጉሡ፣ ለአገሩ ብሎ ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር።»

«ስለ ሹመቱስ?»

ኢማን ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋች። «ስለ ሹመቱ አልጻፈም።»

እኔም ስለ ኩሽናው በር አልጻፍሁም፣ አለ የሺዋስ በልቡ።

«መጨረሻውስ?»

«ሕዝቡ ጀግና አለው፣ ለጤናው ጠጣለት። ከዚያ ተሰቀለ።» ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ ይውረዱ እስቲ። ፊትዎ ጥሩ አይደለም። ውኃ ላምጣ።»

ወረደ። ውኃውን ጠጣ። ብሎኑን ለመፍታት ሲመለስ መፍቻው ሦስቴ ተንሸራተተበት። ባለ አንድ ዓይኑን አውርዶ ከወጣቱ አጠገብ ግድግዳውን አስደገፈው። አጎቱን አሰበ። አጎቱ ውሸታም አልነበረም። የእንግሊዝ ሠዓሊ ግን ሕጉን አያውቀውም፤ የበላውን በሁለት ዓይን፣ የተበላውን በአንድ ዓይን ሠርቶታል። ወይስ አውቆ ነው?

ሺፍቱ ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው ኢማን ወረቀቶቿን ይዛ ወደ ቢሮዋ ሄደች። የሺዋስ መሰላሉን ሲያጥፍ ወልደሥላሴ እያነከሰ ገባ። አልፎት ሄደና ባለ ቀለሙ ወጣት ፊት፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ፣ ተንበረከከ።

«እሱን ነው የመረጥከው?»

«እሱን ነው።»

«ባለሟል ባለሟልን አይስትም።»

ወልደሥላሴ የሰማው አይመስልም። «አትቀልድ የሺ። አንተም አይተኸዋል።»

«ምኑን?»

«ቅንድቡን።» በአውራ ጣቱ መስታወቱ ላይ አሳየው። «አሥራ ስምንት ዓመት ነው በዚህ በር ባለፍሁ ቁጥር ዓይኔን ምንጣፉ ላይ አድርጌ የማልፈው። አንዳንድ ቀን ዞሬ በኩሽና እሄዳለሁ።»

የሺዋስ መሰላሉን እንደያዘ ቆመ። እሱ ብቻ ያየው መስሎት ነበር። ሟቹ የእሱ ብቻ መስሎት ነበር።

«አንተ ምን ቸገረህ» አለ። «በስሙ ቤት ገዛህ። በስሙ ልጅ ዳርህ።»

«አዎ። ተዝካሩን ግን በማን ስም ላውጣው?»

«የማንን ተዝካር?»

«የእሱን ነዋ። በየኅዳሩ ቤተ ክርስቲያን የማበላው የእናቴ ይመስላችኋል፤ የእሱ ነው። ቄሱ የክርስትና ስም አምጣ ይሉኛል። አላውቅማ። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ መጀመሪያ ጊዜ የራሴን ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ እንዴት ልቀይረው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቁሜ ፍትሐት የሚፈታልኝ ሰው ነኝ።» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። «ክፉኛ ያመመኝ ዓመት፣ በቃ እግዜር ሰማቸው ብዬ ነበር።»

ሰውየው ከተንበረከከበት አንገቱን ብቻ አዙሮ አየው።

«ያን ዕለት ሲነጋ ጆሮህን ሲስብህ አይቻለሁ። የተኛሁ መስሎሃል። ምን አለህ?»

«አርባ ዓመት አልጠየቅኸኝም።»

«ፈርቼህ ነዋ። አንተን ባየሁ ቁጥር የማየው ራስህን ስትነቀንቅ ነው። እዚያች ፈረንጅ ፊት። ስለዚህ አርቄ አስቀመጥሁህ።»

«ኩሽና በር ላይ።»

«ኩሽና በር ላይ» አለ ወልደሥላሴ። አልካደም።

«ሊድነቱንስ?»

«ለሊድነቱ ዳጊ ይሻላል። አንተ ሰው ታስቀይማለህ።»

የሺዋስ እጁ ወደ ኮፍያው ሄደ። ክሩን በጣቱ አገኘው። ሳብ ቢያደርገው ይበጠሳል፤ መኪናው ደጅ ነው፣ ፖስታ ቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ። ይህ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮም ይሰድበዋል። ባለ አንድ ዓይኑ ከግድግዳው ሥር፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንዳጣበቀ፣ ይጠብቃል። ባለ ሁለት ዓይኑም ያያል፤ አሁን ግን የሺዋስ ፊቱን ሊያዞር አልቻለም። ያ ከፍ ያለ ቅንድብ፣ ያ ጥያቄ። ስሜንስ? ለካ ጥያቄው ለሐዲስ አልነበረም። ሐዲስ የቀማው በወረቀት ያለውን ስም ነው፤ የሞተ ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል? በጆሮ የተነገረውን ስም፣ ያንን ይዞ አርባ ዓመት ዝም ያለው ሌላ ሰው ነው። በረሃ ላይ ቄስ የለም ብሎ ዝም አለ። ካርቱም ደረሰ፣ ቄስ ነበር፣ ዝም አለ። ላስ ቬጋስ በየእሑዱ ቄስ መስቀል ሲያሳልመው ዝም አለ። እሺ ያለው እሱ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።

«ተክለ ሚካኤል» አለ።

«ማን?»

«የክርስትና ስሙ። ቄስ ስታገኝ ፍትሐት አስደርግልኝ ነው ያለኝ።»

ወልደሥላሴ ጆሮው ላይ የሰካውን የአናጺ እርሳስ አወረደ። ሥዕሉን በዝግታ ገለበጠና በጀርባው እንጨት ላይ ጻፈው። ፊደሉ ተንጋደደ። ደግሞ ከሥሩ ጻፈው። ከዚያ ቀና ሳይል፣

«አንተም አላስደረግህለትማ» አለ።

«አላስደረግሁለትም።»

ወልደሥላሴ ለመነሳት ሲሞክር ጉልበቱ እምቢ አለው፤ የሺዋስ ብብቱን ይዞ አነሳው። የአርባ ዓመት ጓደኛውን ሰውነት ሲነካ ከዚያ ጉድጓድ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«አንተ የቱን ትወስዳለህ?»

«ያንን።»

«ይሄን መልከ ጥፉ? ምን ያደርግልሃል?»

«ግድግዳዬ ባዶ ነው» አለ የሺዋስ።

ፖስታ ቤቱን አልፎ ነዳ። ወይዘሮ አመለወርቅ ከበረንዳው ፊት አረም ስትነቅል ነበር፤ ሥዕሉን አይታ ቀና አለች።

«ደሞ ይሄ ማነው?»

«ዘመዴ ነው።»

«አንዱ ዓይኑ ወዴት ሄደ?»

«በወዲያኛው በኩል ነው።»

«ታዲያ ምናለ ዞር ቢል» አለችና ወደ አረሟ ተመለሰች።

ክፍሉን ዘግቶ የኮፍያውን ክር በጠሰ። ወረቀቱን አወጣው። ላብ ጠጥቶ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል። ሊቀደው ይዞ ቆመ፤ ሦስት ሳምንት የለፋበት ነው፣ በሕይወቱ የጻፈው ረጅሙ ነገር ነው፣ ደግሞም ውሸት የለበትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሥዕሉን አልጋው ላይ ደፋው፣ ጀርባውን የሸፈነውን ካርቶን በምላጭ ሰነጠቀ፣ ወረቀቱን ባርኔጣው ካለበት ቦታ ጀርባ ትክክል አስገባ፣ በሙጫ ዘጋው። እጁ ያለቀለት የአናጺ እጅ ነው፤ ስንጥቁ አይታይም። ከዚያ ሰቀለው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በጸሎቱ መጨረሻ ቄሱ የሙታንን ስም ሲጠሩ፣ ከብዙ ስም መካከል፣ አዲስ ስም ሰማ። ተክለ ሚካኤል። አንዴ ብቻ ነው፣ ሮጠው ነው ያለፉት። የሺዋስ ወልደሥላሴን ፈለገው። ከፊት በስተቀኝ፣ ከዓምዱ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ መቅደሱ አዙሮ ቆሟል፤ ከየሺዋስ በኩል የሚታየው ግማሽ ፊቱ ነው። አንድ ጉንጭ። አንድ ዓይን። ዓይኑ ርሷል። የሺዋስ ያየው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላኛው ምን እያደረገ እንደነበር ሊያውቅ አይችልም።

ሰኞ ዳጊ ሥራ ሲያከፋፍል ለየሺዋስ የበር ማጠፊያ ጥገና ሰጠው። የኩሽና በር። የሺዋስ መሣሪያውን አንሥቶ ወጣ፤ ኮፍያው ቀሎት ነበር። ግን በየደቂቃው እጁ ወደ ገበሩ ይሄዳል፣ ይዳስሳል፣ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፣ ይመለሳል።

ቆርቆሮው መጫሩን ትቷል። ክፍሉ ውስጥ፣ ሺፍቱን ጨርሶ ጫማውን ሲያወልቅ፣ ፀጥ ያለ ነው። ባለ አንድ ዓይኑ በግድግዳው ላይ ወደ በሩ እያየ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንዳጣበቀ ነው።